በነጻ ያገኘኸው ስም

ለማከብርህና ለምናፍቅህ ወንድሜ፣ ለጋሽዬ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ከመኪና ስወርድ ይይዘኛል ያልከው ወገብህ ተሻለህ? ባለቤትህስ ደህና ናት? ልጆቹስ? ትልቋ የወለቀው ጥርሷ በቀለላት? ትንሹስ አሁንም ስልኩን ከእጅህ እየቀማ መስታወቱን ይስማል? ብርዱስ እንዴት ይዟችኋል? ሥራስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ አባባም አክስቴም ደህና ናቸው፤ ከናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን ነገር የለም ብዬ ልቀጥል ነበር። እንዲያ ብዬ ጀምሬ ወረቀቱን ቀደድኩት፤ ደግሜ ጀምሬ ደግሜ ቀደድኩት። ደህና አይደለንም፤ የጎደለብንም ናፍቆት ብቻ አይደለም።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም እንዳትለኝ። በስልክማ ስነግርህ ነው የከረምኩት። የድምፅ መልእክት ስልክልህ አንተ መሪ ይዘህ፣ በአንድ ጆሮህ ታዳምጠዋለህ፤ ከዚያ አውራ ጣትህን ቀስረህ ትልክልኛለህ። የአባቱን ነገር በአውራ ጣት የሚመልስ ሰው ምን ይባላል? ደብዳቤ ግን ቁጭ ብለው ካላነበቡት አይነበብም። ጎረቤታችን ነርሷ ወደ እናንተ ስለምትመጣ በእጇ ሰጥቻታለሁ፤ ፊትሽ ከፍቶ ማንበብ ካልጀመረ ከቤቱ እንዳትወጪ ብያታለሁ። እንግዲህ ከፍተኸዋል ማለት ነው። ተቀመጥና አንብበው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ። አውቀዋለሁ ብለህ አትዝለለው፤ አንተ የምታውቀው በስልክ መስታወት ያየኸውን ያህል ብቻ ነው። አባባ ዕድሜውን ሙሉ ታፔላ ሲጽፍ ኖረ። ከበራችን ጀምሮ እስከ አውቶቡስ ማዞሪያው ድረስ የእሱ እጅ ያላረፈበት ሱቅ አልነበረም። ፋርማሲው፣ ልብስ ሰፊው፣ ዳቦ ቤቱ፣ ጎማ ጠጋኙ፣ ሁሉም ስማቸውን ከበላያቸው የሰቀለላቸው እሱ ነው። ራሱን ግን ሰው ሁሉ «ባለብሩሹ» ብሎ ስለሚጠራው እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ጎረቤት እንኳ ጥቂት ነው።

ከዚያ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባይንቀጠቀጥም ኖሮ ሥራው አይቆይለትም ነበር። ማን እንደቀማው ታውቃለህ፤ እኔ የምሠራበት ማተሚያ ቤት ነው። ጠዋት ከአባባ ጋር ቁርስ እበላና ሄጄ የእሱን ታፔላ የሚያስወርደውን ባነር በማሽን አትማለሁ። ባለሱቁ አጠገቤ ቆሞ ቀለሙን በጣቱ ይመርጣል፣ ማሽኑ እየጮኸ ይተፋዋል፣ ከምሳ በፊት ይሰቀላል። አባባ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን ክፉ ቃል አልተናገረኝም። «ማዕዘኑን ደርበሽ ካላሰፋሽው ነፋስ ይቀደዋል» ብቻ ይለኛል። እንዲያውም ልክ ነው፤ ይቀደዋል።

እና ታፔላዎቹ ከመውረዳቸው በፊት መሰላል ላይ እየወጣሁ ፎቶ አነሳቸው ጀመር። ምን ላደርጋቸው እንዳሰብኩ እኔም አላውቅም፤ ዓይኔ እያየ ቆሻሻ ላይ ሲጣሉ አንጀቴ አልችል ብሎ ነው። የኔ ስልክ ሞላ፣ የአክስቴም ስልክ ሞላ፤ አክስቴ «የራሴን መልክ የማነሳበትን ቦታ በጫማ ሰፊ ታፔላ ሞላሽብኝ» ብላ አኮረፈችኝ። ያኔ መላ ያመጣኸው አንተ ነህ፤ እውነቱን ልናገር፣ ያን ጊዜ በጣም ነበር የኮራሁብህ። ትቼው የሄድኩት አሮጌ ኮምፒውተር ከቁም ሳጥኑ ሥር አለ አይደል፣ አውጪውና ሰርቨር እናደርገዋለን አልከኝ። ፎቶዎቹ እዚያው ቤታችን ውስጥ ይቀመጣሉ፣ የፈለገ ሰው ከፈለገው አገር ሆኖ በኢንተርኔት ገብቶ ያያቸዋል አልክ። አንተ በስልክ እየመራኸኝ፣ እኔ አቧራውን እያራገፍኩ አቆምነው። ሳሎን ውስጥ ከሶፋው ኋላ ነው ያለው፤ ሌት ተቀን ያንጎራጉራል። አክስቴ ያን ሰሞን «ይኼ እንግዳችሁ መቼ ነው የሚሄደው? መብራቱን ጨረሰው እኮ» እያለች ነበር የምታስቀን።

የቸገረን ስሙ ነበር። ሰርቨራችን የሚገኘው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሌላ ይሆናል። ዛሬ ለሰው የሰጠነው አድራሻ ነገ የማንም ቤት አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩ በተለወጠ ጊዜ እየተከተለ የሚያመለክትልን ስም፣ ዶሜይን የሚሉት፣ ያስፈልገናል አልከኝ። እኔ እንግዛው አልኩህ። ማተሚያ ቤቱ የራሱን እንዴት እንዳስመዘገበ አይቻለሁ፤ አለቃዬም ጣጣውን እጨርስልሻለሁ ብሎኝ ነበር። አንተ ሳቅክብኝ። ነጻ ሞልቶ ለስም የሚከፍል ጅል ነው አልከኝ። እንዲያ ሆኖ ነጻ ፍለጋ ወጣን።

የነጻ ነገር ዓይነቱን ያየሁት ያኔ ነው። አንዱ በትልቁ «ነጻ» ብሎ ይጽፍና ገባ ስንል የባንክ ካርድ ይጠይቀናል። አንዱ ስም ይሰጠናል፣ ግን ከኋላው የራሱን ስም ይቀጥልበታል፣ ከዚያ ሌላ ይቀጥልበታል፣ ሲያነቡት ትንፋሽ ያሳጥራል፤ አባባ ሰምቶ «ይኼን ለመጻፍ ግድግዳ አይበቃም፣ የጣቢያ አጥር ነው የሚያስፈልገው» አለ። አንዱን ደህና ነው ብለን ሁሉን ሞልተን ስንጨርስ ለእናንተ አገር አንሰጥም አለን። አንዱ ደግሞ ሰጠንና በፎቶዎቹ መሐል የራሰ በራ መድኃኒት ማስታወቂያ ይሰካብን ጀመር። አክስቴ ማስታወቂያውን አይታ ለአባባ ይሆናል እንዴ ብላ ጠየቀች። አባባ አልሳቀም።

በመጨረሻ አንተ ደስ ብሎህ ደወልክ። አገኘሁት አልክ። አጭር ነው፣ ከነጥቡ ወዲያ ያለው መጨረሻው የአንዲት ሩቅ ደሴት ምልክት ነው፣ አንድ ድርጅት ተረክቦት ለዓለም ሁሉ በነጻ ያድለዋል አልከኝ። ለምን ያድላል ብዬ ስጠይቅህ «ሞልቶት ነዋ!» አልክ። የአባባን መጠሪያ በላቲን ፊደል ከፊቱ አስገባነውና ማንም አልያዘውም አለን። በዓለም ሁሉ ላይ «ባለብሩሹ» የሚባል ሌላ ሰው አልነበረም። አባባ ይህን ሲሰማ ጉልበቱን እያሻሸ «ማን ሊኖር ኖሯል?» አለ። ደስ ብሎት ነው እንዲያ ያለው።

አንድ ነገር ግን ነበረው። በየወሩ «አሁንም ትፈልጉታላችሁ ወይ?» የሚል ኢሜይል ይልካሉ፤ አዎ ብሎ መጫን ነው። ዝም ካልናቸው ስሙን ይወስዱታል። እኔ በኔ ኢሜይል ይምጣ አልኩህ። ምን ብለህ መለስክልኝ? «አንቺ ትረሺዋለሽ፣ ለኔ ተይው» አልክ። ቃል በቃል እንዲህ ነው ያልከው፤ ድምፅህ ስልኬ ላይ አለ፤ ከፈለግህ እልክልሃለሁ።

ገጹ ከተከፈተ በኋላ የሆነውን ነግሬሃለሁ፤ የአባባን ፊት ግን አላየኸውም። ከዚህ ሰፈር ወጥተው የተበተኑ ሰዎች እየገቡ ይጽፉልን ጀመር። አንዷ «ይህ የአባቴ ልብስ ስፌት ቤት ነው፤ ከጽሑፉ ሥር ያለችውን መቀስ ሳያት እንባዬ መጣ» ብላ ጻፈች። አንዱ መርከብ ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ በጎማ ጠጋኙ ታፔላ ላይ ያለው ጎማ ከመኪናው የበለጠው ለምንድን ነው ብሎ ጠየቀ። አባባ ተናደደ። «ጎማው የተነፈሰበት ሰው ከጎማው በቀር ምን ይታየዋል?» ብለሽ ጻፊለት አለኝ። ጻፍኩለት፤ ሰውዬው ከመርከቡ ሆኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ አባባ ይቅርታውን ደጋግሞ አስነበበኝ። ከሥራ ስመለስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። «ዛሬ ማን መጣ?» ይለኛል። ጫማዬን ሳላወልቅ አነብለታለሁ። እማማ ካረፈች ወዲህ እንዲያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ አንድ ቀን ስሙን ግድግዳው ላይ እጽፈዋለሁ አለ። ከበሩ በስተቀኝ ያለውን የውጭውን ግድግዳ ነው፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያየው። ብሩሽ ከጨበጠ ስንት ጊዜው! የአባባን ደንብ መቼም አትረሳውም። ብሩሹን ቀለም ውስጥ ከመንከሩ በፊት ባለቤቱን ፊቱ አቁሞ «ስሙ የራስህ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ወፍጮ ቤቶች በአንድ ስም ተካሰው እሱን ለምስክርነት ካንገላቱት ጀምሮ ይህን ሳይጠይቅ ጽፎ አያውቅም። ሰውዬው በአፉ «አዎ፣ የኔ ነው» ካላለ መሰላሉን ይዞ ይመለሳል። የራሱን ስም ሊጽፍ ሲልም ደንቡን አልለወጠም፤ ስልኩን ስጪኝ አለና አንተን ጠየቀህ። ድምፅህ ለሁላችን ይሰማ ነበር። «ልጄ፣ ስሙ የኛ ነው?» አለህ። «የኛ ነው አባባ፣ ጻፈው» አልክ። ትንሽ እንኳ አላመነታህም። በየወሩ የሚጫነውን ነገር አላነሳህም። እኔም ካንተ ወዲያ አዋቂ የለም ብዬ አምኜህ ሄጄ መሰላሉን አመጣሁለት።

በስንት መከራ እንደጻፈው ልንገርህ። ግድግዳውን ፋቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ የመጀመሪያውን ቅብ ቀባ፣ ክሩን ኖራ ውስጥ ነክሮ መስመሩን መታ። እጁ ጠዋት ጠዋት ረጋ ስለሚል የሚጽፈው ጠዋት ብቻ ነው፤ የቀኝ እጁን አንጓ በግራው ደግፎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ አንድ ፊደል ይጨርስና ይገባል። በማግስቱ አይቶት ካልወደደው ያጠፋውና እንደ አዲስ ይጀምረዋል። መሐል ላይ ያለችውን ነጥብ ሲያይ ተከራከረኝ፤ ቃሉ ሳያልቅ ነጥብ የሚያስቀምጥ ምን ዓይነት ሰው ነው አለ። እሷ ከሌለች አይከፈትም ስለው ግን ከሁሉ አሳምሮ የሠራት እሷን ነው። ቀለሙንም ለፋርማሲው ብቻ ይጠቀምበት የነበረውን ደህናውን የዘይት ቀለም ነው ያወጣው። እንደ ልማዱ ለፊደሎቹ በግራ በኩል ጥላ አበጀላቸው። ሲጨርስ መንገዱን ተሻግሮ ከፀጉር አስተካካዩ ደጃፍ ቆሞ አየው። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ ወጥቶ «ባለብሩሹ፣ እጅዎ ተመለሰ እኮ!» አለው። አባባ ዕለቱን እያፏጨ ዋለ።

ከዚያ በኋላ ወንበር አውጥቶ ከሥሩ መቀመጥ ሥራው ሆነ። ያለፈውን ሰው ሁሉ «ስልክ ይዘሃል? በል ይቺን ጻፍና ግባባት» ይለዋል። የማይገባ ሰው አልነበረም፤ ባይፈልግ እንኳ ለአባባ ሲል ይገባል።

ስሙ የተወሰደብን መሆኑን ያወቅሁት ሥራ ቦታ ነው። አንድ ባለ ምግብ ቤት መጥቶ በድሮ ታፔላ ዓይነት ፊደል ባነር ሥሪልኝ አለኝ። ደስ አለኝና የአባባን ላሳየው በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር አድራሻውን ጻፍኩ። የሚሽከረከር መንኮራኩር መጣ። በቀይና በወርቅማ ያሸበረቀ፣ ገንዘብ የሚዘንብበት፣ «አሁኑኑ ተወራረድ» የሚል። ተሳስቼ መስሎኝ ፊደል በፊደል ደገምኩት። ያው ነው። አለቃዬ ከኋላዬ ቆሞ «አባትሽ ሥራ ቀየሩ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ባለ ምግብ ቤቱም ሳቀ። እኔ ገጹን ዘጋሁት።

ወዲያው ላንተ ላክሁ። የመለስክልኝን አስታውሰው። ኢሜይሉ ከማይረቡት ጋር ተቀላቅሎ ነው፣ አላየሁትም አልክ። ሰው የለመደውን ስም ሲለቀቅ ጠብቀው የሚያነሱ አሉ፣ ለቁማር ነው የሚፈልጉት፣ የታወቀ ነገር ነው አልክ። የታወቀ ከሆነ ለምን አልነገርከንም? ከዚያ «ችግር የለም፣ ሌላ ነጻ ሞልቷል» ብለህ የሌላውን መመዝገቢያ ላክህልኝ። ከሥሩ አውራ ጣት። ጋሽዬ፣ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ ስም መቀየር እኔም አውቃለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የምሠራው እሱን ነው። በዘይት ቀለም የተጻፈውን በምን ልቀይረው? የአባባን ጠዋቶችስ ከየት አምጥቼ ልመልስለት?

ስሙን ለማስመለስ ያልሞከርኩት የለም። ለዚያ ለሚያድለው ድርጅት በማውቃት እንግሊዝኛ ጻፍኩ። ስሙ የአባቴ ነው፣ ሰፈር ያወጣለት ስም ነው፣ እናንተ አይደላችሁም የሰጣችሁት አልኩ። ሰው ሳይሆን ማሽን ነው የመለሰልኝ፤ ውሉን ያንብቡ አለኝ። ቁጭ ብዬ አነበብኩት። በነጻ የተሰጠ ስም የድርጅቱ ነው፣ ድርጅቱ በፈለገ ጊዜ ለፈለገው ያስተላልፈዋል ይላል፤ በደቃቁ ጽፎታል። እሺ ብለህ ስትጫን አላነበብከውም ማለት ነው። ወይም አንብበኸዋል፣ እሱን ማሰብ አልፈልግም።

አዲሱን ስም አውጥቼ ሰርቨሩን አገናኘሁት። ግን ማን ያውቀዋል? ባለ መቀሷ ሴትም የመርከቡም ሰውዬ የሚያውቁት የድሮውን ነው፤ ሲከፍቱት መንኮራኩር ያዩና ይሄዳሉ። አንድም ሰው የማይመጣበት ገጽ ሆነ። አባባ በር ላይ «ዛሬ ማን መጣ?» ሲለኝ ኢንተርኔቱ ተቋርጧል እለው ጀመር። «አሁንም?» ይላል። አሁንም እላለሁ። የድሮ መልእክቶችን እንደ አዲስ ላነብለት አስቤ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ሁሉንም በቃሉ ይዟቸዋል።

ነገሩን ያፈነዳው አንድ የሰፈራችን ባለታክሲ ነው። ቅዳሜ ነው፣ እኔ ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣሁ ነበር። አባባ ውጭ ወንበሩ ላይ ነው። ባለታክሲው መኪናውን መንገዱ መሐል አቁሞ ወረደና «ባለብሩሹ፣ እርስዎ ትልቅ ሰው አይደሉም ወይ?» ብሎ ጮኸ። አባባ ተነሥቶ ምን ሆነህ ነው ልጄ አለው። ባለታክሲው ስልኩን ከኪሱ አወጣ። እንዲህ አለ፦ «እኔ ቁማር ነክቼ አላውቅም። እርስዎ ግድግዳዎ ላይ በገዛ እጅዎ ጽፈው፣ ከሥሩ ተቀምጠው፣ ግባበት ሲሉኝ ባለብሩሹ ያለማ ደህና ነገር ነው ብዬ ገባሁ። መጀመሪያ ሰጠኝ። ኋላ ላይ ለመኪናዬ ሞተር ያስቀመጥኩትን ጠራርጎ በላው። ለሚስቴ ምን ልበላት?»

አባባ አልገባውም። እዚህ ያለው የታፔላ ፎቶ ነው እኮ አለው። ባለታክሲው ስልኩን ፊቱ ዘረጋለት። አባባ መነጽሩን ፈለገ፤ ግንባሩ ላይ ነበር። መንኮራኩሩ ሲሽከረከር ቆሞ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። የረጠበ አንሶላ ታቅፌ በሩ ላይ ደርቄያለሁ። ኢንተርኔቱ ተቋርጧል ስለው የከረምኩት እኔ ነኝ።  ወደ ባለታክሲው ዞሮ «ይቅር በለኝ ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ስሙ የኔ መስሎኝ ነው የጻፍኩት» አለው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይቅርታ ጠያቂው እሱ ሆነ! ኢሜይል ምን እንደሆነ የማያውቀው ሰውዬ! ባለታክሲው ይህን ሲሰማ ቁጣው በረደ፤ አባባን ክንዱን ይዞ ወንበሩ ላይ አስቀመጠውና አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

በማግስቱ አባባ ነጭ ቀለም በጠበጠ። እኔ ላጥፋው ብዬ ለመንኩት። ሌላ ሰው በሥራዬ አይገባም አለኝ። አክስቴ «ተው ወንድሜ፣ ከመሰላሉ ትወድቃለህ» አለችው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እጁ የሚረጋበትን ጠዋት እንኳ አልጠበቀም፤ ለማጥፋት ምን እጅ ያስፈልጋል አለ። እየተንቀጠቀጠ ከዳር እስከ ዳር ቀባው። ሲደርቅ ፊደሎቹ ከሥር ብቅ አሉ። ደገመው። አሁንም ጥላቸው ታየ። ወረደና አየው፤ «ደህናውን ቀለም አውጥቼበት ነው፣ እንዲህ በዋዛ አይለቅም» አለ። ያን ሲል በድምፁ ውስጥ ኩራት ነበር፤ አንጀቴን የበላው እሱ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሊያግዘን ከቤቱ ወጥቶ መሐል መንገድ ደርሶ ነበር፤ የአባባን ፊት ሲያይ ተመለሰና መጋረጃውን ዘጋ። አሁንም ፀሐይ በጎን ስትመታው ይነበባል። ስሙን የማያውቅ ሰው የቆሸሸ ግድግዳ ይመስለዋል፤ እኛ ግን በወጣን በገባን እናነበዋለን።

ወንበሩን ወደ ቤት አስገባው፤ ከዚያ ወዲህ አላወጣውም። ስመለስ በር ላይ አይጠብቀኝም። ማን መጣም አይለኝም። የማተሚያ ቤቱን ሥራ እንኳ አይጠይቀኝም። ቀኑን ሙሉ ሶፋው ላይ፣ ሰርቨሩ በሚያንጎራጉርበት በኩል ተቀምጦ ይውላል። አክስቴም ስለ መብራቱ መናገር ትታለች።

የባለታክሲውንና የግድግዳውን ነገር እስከ ዛሬ ያልሰማኸው አባባ ስለከለከለኝ ነው። ያን ዕለት እጁን በቤንዚን እያጠበ «ለወንድምሽ እንዳትነግሪው» አለኝ። በሰው አገር ሆኖ ሐሳብ ይገባዋል፣ እሱ ለኛ ብሎ ነው የፈለገልን አለ። እሺ አልኩት። ባለፈው እሁድ ስትደውል አጠገቡ ነበርኩ። «አባባ፣ ግድግዳህ እንዴት ነው?» አልከው። ስሙ መወሰዱን ነግሬሃለሁ፤ ግድግዳው ላይ የተጻፈው ያው የተወሰደው ስም መሆኑ ግን ትዝም አላለህ። አባባ «አለ፣ እንደቆመ ነው» አለህ። ሰው ይገባል ወይ አልከው። «በሽ ነው» አለህ። «አየህ አይደል አባባ? ያውም በነጻ!» ብለህ ሳቅህ። አባባም አብሮህ ሳቀ። ያን ሳቅ አንተ በጆሮህ ሰማኸው፤ እኔ ግን ፊቱን አይቼዋለሁ። ስልኩን ሲመልስልኝ «ደስ ብሎታል» አለኝ።

ታዲያ አትንገሪው እየተባልሽ ለምን ጻፍሽ ትለኝ ይሆናል። እንድታለቅስ ብዬ አይደለም። አባባ አንተን ደስ ለማሰኘት ይዋሻል፤ አንተ በሱ ውሸት ደስ ይልሃል፤ እውነቱን ታቅፌ መሐል የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ። መረረኝ ጋሽዬ። እዚህ ቤት የሚከብደውን ሁሉ ለኔ ትታችሁልኝ ኖራችኋል፤ እማማን ማስታመሙንም፣ የአባባን እጅ ማየቱንም። ይኼን ግን ብቻዬን አልሸከምም። እኩሌታው ያንተ ነው።

አሁን ስለምታውቅ ስትደውል ተጠንቀቅ። ግድግዳው እንዴት ነው ብለህ እንዳትጠይቀው። ራሱ አንሥቶ እንደቆመ ነው ካለህ ጎሽ በለውና እለፈው። ይቅርታ እንዳትጠይቀው፤ ይቅርታ ካልከው የነገርኩህ እኔ መሆኔን ያውቃል፣ ያቺንም ሳቅ ይተዋታል። አዲስ ስም አገኘሁ ብለህ ደግሞ እንዳታስበው። ከሳቀልህ አብረህ ሳቅ። እንዴት እንደሚከብድ ያኔ ታየዋለህ።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ይህን ብታነበውም ቅር አይለኝም፣ እንዲያውም አስነብባት። ትልቋን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ያን ጥርሷን ፎቶ አንሥታ ትላክልኝ። ትንሹን ጠዋት ሲነሣ አክስትህ ናፍቃሃለች በለው። አክስታችን፣ ዓይንህን ሳላይ አልሞትም፣ አንተም እንዳልሞት ብለህ ነው የምትቆየው ብላሃለች። ፀጉር አስተካካዩም ወደዚያ የሚሄድ ሰው አለ ሲባል ሰምቶ ሰላም በይልኝ ብሏል፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። የአባባን ሰላምታ ግን ልጽፍልህ አልቻልኩም፤ እንደምጽፍልህ አያውቅም።

ታናሽ እህትህ

ከቤታችን፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ
ግንቦት ፱ ቀን